«ያስተማሩኝን ሰው እንዴት ላስቁም?»

የአንባቢ ደብዳቤ፦

«ውድ አዘጋጅ፣ እንደምን አላችሁ? የ28 ዓመት ወጣት ነኝ። በአንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ውስጥ እሠራለሁ። በር፣ መስኮትና የደረጃ መደገፊያ እንሠራለን። ከጥቂት ወራት በፊት የወርክሾፑ ኃላፊ ሆኜ ተመደብኩ። ችግሬ ከአንድ ሰው ጋር ነው። ጋሼ ነው የምላቸው፤ ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የግራይንደሩን (በሚሽከረከር ዲስክ ብረት የሚቆርጠውን የእጅ ማሽን) ጋርድ፣ ማለትም የዲስኩን መከለያ፣ ፈትተው ነው የሚሠሩት። የ180 ሚሊ ሜትሩን ዲስክ በ125ቱ ግራይንደር ላይ ያስሩታል። ‹ቶሎ አያልቅም፣ ጠልቆም ይቆርጣል› ይላሉ። ልጆቹም እሳቸውን እያዩ ሁሉም ጋርድ መፍታት ጀምረዋል። ስናገራቸው ‹አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ይዤዋለሁ› ብለው ይስቃሉ።

ሌላው ደግሞ፣ ሁሉም ሰው ሁልጊዜ ጓንት እንዲያደርግ ደንብ አውጥቼ ነበር። ባለፈው አንዱ ልጅ በትራፓኖ (ብረት መብሻ ማሽን) ሲበሳ ፑንታው፣ የሚዞረው መብሻ፣ ጓንቱን ጠቀለለበት። እግዜር ሲያተርፈው ጣቱ ወለም አለ እንጂ አልተቆረጠም። ከዚያ ወዲህ ‹ይኸው ያንቺ ደንብ› እያሉ ይተርቡኛል። ባለቤቱ ደግሞ ሥራ እንዳይዘገይ ብቻ ነው የሚያስበው። መነጽር እንኳ ልጆቹ በራሳቸው ገንዘብ ነው የሚገዙት። እውነት አበዛሁት? ካላበዛሁትስ ያስተማሩኝን ሰው እንዴት ላስቁም?»

መልስ፦

እህቴ፣ አላበዛሽውም። በጋሼ አሠራር ላይ ያለሽ ስጋት ትክክል ነው። የጓንቱ ደንብሽ ግን ጉድለት ነበረበት፤ ልጆቹም የሚተርቡሽ ዝም ብለው አይደለም። ሁለቱንም ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። ጋሼን ማሳመን የምትችዪው የራስሽ ደንብ ውሃ የሚያነሳ ሲሆን ነውና።

ከዲስኩ እንጀምር። አንድ የ180 ዲስክ አንሺና ላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቢው። ስፋቱን፣ ውፍረቱን፣ ለብረት ይሁን ለድንጋይ ይነግርሻል። ከዚያ ሁለት የፍጥነት ቁጥሮች ታገኛለሽ። አንዱ «በሰከንድ 80 ሜትር» የሚል ነው። ሁለተኛው ዲስኩ በደቂቃ ቢበዛ ስንት ዙር እንደሚችል ይናገራል። ለ180ው ብዙውን ጊዜ 8,500 ገደማ ነው። ለ125ቱ 12,200 አካባቢ፣ ለ230ው ደግሞ 6,600 አካባቢ ይሆናል። ዲስኩ በሰፋ ቁጥር የሚፈቀድለት ዙር ያንሳል። በአንድ ዙር ውስጥ የሰፊው ዲስክ ጠርዝ ረጅም መንገድ ስለሚሄድ ነው።

አሁን ግራይንደሩን ገልብጪና ጎኑ ላይ የተለጠፈውን እዪ። ከትናንሾቹ ግራይንደሮች ብዙዎቹ በባዶ ሲሽከረከሩ በደቂቃ 11,000 ዙር አካባቢ ይሄዳሉ። እንግዲህ 8,500 ብቻ የሚችል ዲስክ፣ 11,000 በሚዞር ማሽን ላይ ታሰረ ማለት ነው። ጠርዙ በሰከንድ 80 ሜትር መሄዱ ቀርቶ ወደ 104 ሜትር ይጠጋል። በሰዓት ሲሰላ ከ370 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዲስኩን ወደ ውጭ የሚበትነው ኃይል ደግሞ ከፍጥነቱ በባሰ ያድጋል። ፍጥነቱ በ30 በመቶ ገደማ ሲጨምር፣ ኃይሉ ከ60 በመቶ በላይ ይጨምራል።

ዲስኩ ብረት አይደለም። ሹል የማዕድን ፍርፋሪ በሙጫ ተጋግሮ፣ በውስጡ መረብ ገብቶበት የተሠራ ነው። አቅሙ ሲያልፍ አይጎብጥም፤ ይበተናል። ያን ጊዜ በስብርባሪውና በሠራተኛው ፊት መካከል መኖር የነበረበት ጋርዱ ነው። እሱ ደግሞ ተፈቷል።

ታዲያ ትልቁ ዲስክ ትንሹ ማሽን ላይ እንዴት ይገባል? መሃሉ ያለው ቀዳዳ ስለሚመሳሰል ነው። የ115ቱም፣ የ125ቱም፣ የ180ውም፣ የ230ውም ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ ያው 22.23 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ማሽኑ እምቢ አይልም። እምቢ የሚለው ጋርዱ ብቻ ነው። ትልቁን ዲስክ አላስገባም ይላል፤ እሱን ነው የምትፈቱት። ይሄ ነገር በደንብ እንዲገባሽ እፈልጋለሁ። ጋሼ ከጋርድ ጋር ጠብ ያላቸው ላይሆን ይችላል። የተጣሉት ቶሎ ከሚያልቀው ዲስክ ጋር ነው። ችግሩ ከመፍቻው ሳይሆን ከመጋዘኑ ነው የሚጀምረው። መፍትሔውንም እዚያ ነው የምታገኚው፤ እመለስበታለሁ።

«አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ይዤዋለሁ» ላሉሽ ነገር መልስ ያስፈልግሻል። አክብሮት ያለው መልስ። የጋሼ ልምድ እውነተኛ ነው። ብረቱ ሲነካ በድምፁ ያውቁታል። ዲስኩ ሊነክስ ሲል ከሌላው ሰው በፊት በእጃቸው ይሰማቸዋል። ነገር ግን ማንም ሰው፣ የቱንም ያህል ልምድ ቢኖረው፣ ድንገተኛ ነገር ተሰምቶት እጁን እስኪያንቀሳቅስ ሩብ ሰከንድ ያህል ይሄድበታል። በዚያች ሩብ ሰከንድ ውስጥ 11,000 የሚዞር ዲስክ ከ45 ጊዜ በላይ ይዞራል። ማሽኑ ከተነሳ በኋላ ልምድ ሊቀድመው አይችልም። ልምድ ሥራውን የሚሠራው ማብሪያው ከመነካቱ በፊት ነው። የትኛው ዲስክ እንደሚታሰር፣ ብረቱ በየት በኩል እንደሚያዝ፣ ሰውየው የት እንደሚቆም የሚወስነው ያኔ ነው። የጋሼን ዕውቀት የምትፈልጊው እዚህ ላይ ነው።

ምሳሌ ልስጥሽ። ረጅም ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት) ከሁለቱም ጫፍ ተደግፎ መሃሉ ሲቆረጥ አይተሻል። መጀመሪያ ላይ ሰላም ነው። መቁረጡ ሊያልቅ ሲል መሃሉ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይረግባል፤ የተቆረጠው ክፍተት ከላይ ይዘጋል። ዲስኩን ግራና ቀኝ ነክሶ ይይዘዋል። ማሽኑ ግን መዞሩን አላቆመም። ዲስኩ መሄድ ሲያቅተው ግራይንደሩ ራሱ ዘልሎ ይነሳል፤ ወደ አንገት ወይም ወደ ጭን። ብዙ ሰው ይህን «አመለጠኝ» ብሎ ይናገረዋል፤ እጁ የደከመ ወይም ሐሳቡ የባከነ ይመስለዋል። አልደከመም። ያመለጠው ብረቱን ሲያስቀምጥ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ብረቱን የሚቆረጥበት ቦታ አጠገብ በሞርሳ (ዕቃ አጥብቆ በሚይዝ መቆንጠጫ) ማጥበቅ፣ የሚወድቀውን ጎን ደግሞ በነፃ መተው ነው። ያኔ ክፍተቱ እየተዘጋ ሳይሆን እየተከፈተ ይሄዳል። ከዚያም ፊትን ከዲስኩ መስመር ወደ ጎን ማድረግ፣ የጎን እጀታውን አስሮ በሁለት እጅ መያዝ፣ ዲስኩን በተቆረጠው ውስጥ አለመጠምዘዝ። የጎን እጀታው በየወርክሾፑ መጀመሪያ የሚጠፋ ዕቃ ነው። የእናንተም የት እንደወደቀ አስፈልጊው።

ስለ ዲስክ ጥቂት ልጨምር። መቁረጫ ዲስክ በጎኑ አይሞረድበትም፤ ቀጭን ስለሆነ ጎኑን ሲጫኑት ይሰበራል። ለመሞረድ ወፍራሙ አለ። እርጥበት ሙጫውን ያደክመዋል፤ ስለዚህ ዲስክ ወለል ላይ አይጣልም። በብዙ ዲስኮች መሃል ባለው የብረት ቀለበት ላይ ወርና ዓመት ተቀርጿል፤ ያ የአገልግሎት ማብቂያው ነው። ማሽኑ ከነዲስኩ ከወደቀ ደግሞ ዲስኩ ምንም ያልሆነ ቢመስልም ይቀየራል። ሲቀየር ስፒናው ከሶኬት ይወጣል፤ ሁልጊዜ። አዲሱ ከታሰረ በኋላ ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ይዞ ለ30 ሰከንድ ያህል በባዶ ማሽከርከር ጥሩ ልማድ ነው። ጥርስ ያለው የእንጨት መጋዝ ዲስክ በግራይንደር ላይ ያሰረ ሰው ካየሽ ግን ምክር አያስፈልገውም፤ ማሽኑን ከእጁ ውሰጂው።

ብልጭታውንም አትርሺ። አሥር ሜትርና ከዚያ በላይ ሄዶ የሚቃጠል ነገር ሊያገኝ ይችላል። ቀለም፣ ቲነር፣ ጨርቅና መጋዝ ዱቄት ከዚያ ክልል ይውጡ። አንዳንዴ እሳቱ ጨርቅ ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ፣ ሰው ሁሉ ምሳ ከወጣ በኋላ ነው የሚነሳው። ስለዚህ ሥራው ካለቀ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት የሚጠብቅ ሰው ይኑር። ነዳጅ የነበረበት «ባዶ» በርሜል በግራይንደር አይቆረጥም። ባዶ አይደለም። ፈሳሹ ቢያልቅም በውስጡ የቀረው ትነት ይፈነዳል፤ ሰው የሚገድል ፍንዳታ።

ወደ ጓንቱ ልምጣ። ሐሳብሽ ጥሩ ነበር፤ ስህተቱ «ሁሉም፣ ሁልጊዜ» ማለትሽ ነው። ስለታም ላሜራ ለመሸከምና ለብየዳ ጓንት ያስፈልጋል፤ ለግራይንደርም በእጅ ልክ የሆነ የቆዳ ጓንት ያስፈልጋል። ትራፓኖ ላይ ግን ጓንት አደጋ ነው። ፑንታው የሚዞረው ከግራይንደር እጅግ በዝግታ ነው፤ ሰው የሚዘናጋውም ለዚህ ነው። ዝግ ብሎ ቢዞርም የጨርቅ ክር ካገኘ ይጠቀልላል። ጨርቁ ቶሎ አይበጠስም፤ ጣት ይከተላል፣ ከዚያ የእጅ አንጓ ይከተላል። ባዶ እጅ ፑንታ ቢነካ ይቆረጣል፤ ያ መጥፎ ነው። ጓንት ያደረገ እጅ ግን ተጎትቶ ይገባል፤ ያ ከመቆረጥ በላይ ነው። የእናንተ ልጅ በወለምታ መትረፉ ትልቅ ዕድል ነው። ሰፊ እጅጌ፣ የአንገት ልብስ፣ የተንጠለጠለ ገመድ፣ ቀለበት፣ ያልታሰረ ረጅም ጸጉር፣ ሁሉም ከጓንቱ ጋር አንድ ዓይነት ናቸው።

ልጁ ጓንት ያስፈለገው ለምን እንደሆነ ደግሞ ጠይቂው። እንደምገምተው ላሜራውን በእጁ ይዞ ነበር የሚበሳው። ስለቱ እጁን እንዳይቆርጠው ነው ጓንት ያደረገው። ዋናው ጥፋት እዚያ ጋ ነው። ፑንታው ከታች ሊወጣ ሲል ላሜራውን ይነክስና እንደ ራሱ ያሽከረክረዋል፤ የሚሽከረከር ላሜራ ደግሞ ቢላ ነው። ዕቃው በሞርሳ ወይም በክላምፕ ከታሰረ እጅ እዚያ መቅረብ አያስፈልገውም፤ ጓንትም አያስፈልግም። ፍቅፋቂውን በእጅ መጥረግም ይቅር፤ ማሽኑ ቆሞ በብሩሽ ይጠረግ። በኮምፕሬሰር አየር ማራገፍ ደግሞ ብረቱን ወደ ዓይን መላክ ነው። የፑንታ ማጥበቂያ ቁልፉም ሥራ ሲጀመር ቦታው ላይ ተሰክቶ እንዳይቀር ልጆቹን አደራ በያቸው። ተሰክቶ ከቀረ ማሽኑ ሲነሳ ይወረወራል።

ስለዚህ አዲሱን ደንብ በሰው ሳይሆን በማሽን አውጪ። ትራፓኖው አጠገብ «እዚህ ጓንት ይወልቃል» ብለሽ ለጥፊ። ግራይንደሩ ጋ ደግሞ የዓይን መነጽር፣ ከላዩም የፊት መከላከያ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ የፊት መከላከያው ከሥር ክፍት ስለሆነ ፍንጣሪ ይገባበታል። ለልጆቹም በግልጽ ንገሪያቸው፦ «የጓንቱ ደንብ ትራፓኖ ላይ ልክ አልነበረም፤ አስተካክዬዋለሁ» በያቸው። ይህን ስትዪ ክብርሽ አይቀንስም። ጋሼም እየሰሙ ነው፤ ሰው ደንቡን ማስተካከል እንደሚችል ያዩበታል።

በእጅ መሣሪያዎች ላይ ብዙ አልቆይም፤ አንዱን ብቻ ቀረብ ብለሽ እንድታዪ እፈልጋለሁ። ከመሣሪያ ሳጥኑ አሮጌውን መሮ አውጪ። መዶሻ የሚያርፍበትን አናቱን ተመልከቺ። ብዙ ከተመታ ዳር ዳሩ እንደ እንጉዳይ ተገልብጦ፣ ጠርዙ ተሰነጣጥቆ ታገኚዋለሽ። እያንዳንዷ ስንጥቅ ልትወረወር የተዘጋጀች ፍንጣሪ ናት። አንድ ጠንካራ ምት ይበቃታል፤ ዓይን ብትመታ ሰብራ ትገባለች። ስትገባ ብዙም ላታምም ትችላለች፤ አደገኛነቷም ያ ነው። መሮውን መጣል አያስፈልግም። አናቱን በመሞረጃ ድንጋይ አስተካክለሽ ዳሩን ዘቅዘቅ ማድረግ በቂ ነው። በዚያው ሳጥን ውስጥ እጀታ የሌለው ሞረድ ካለ እጀታ ይሠራለት፤ ሲያዳልጥ ሹል ጭራው መዳፍ ይወጋል። ራሱ የላላ መዶሻ አይመታበትም። በቁልፍ ብሎን ስትፈቺ ደግሞ ከመግፋት ይልቅ ወደ ራስሽ ሳቢ። ድንገት ቢለቅ ተገፍቶ የሚሄድ እጅ ከብረት ጋር ነው የሚጋጨው።

ኤሌክትሪኩን በተመለከተ፣ የገመዱ ልባስ ከማሽኑ በሚወጣበት ቦታና ስፒናው አካባቢ የተላጠ እንደሆነ በየጠዋቱ ይታይ። በፕላስተር የተጠቀለለ ገመድ ጊዜያዊ ይባልና ዓመት ይኖራል። ይቀየር። ሦስት እግር ያለው ስፒና ሦስተኛውን እግሩን ለሶኬቱ ብላችሁ አትስበሩ፤ እሱ ነው የመሬት መስመሩ። ሁለት እግር ብቻ ያለው ማሽን ላይ ግን አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ውስጥ የሚል ምልክት ካለ ድርብ ሽፋን ያለው ነው፤ እንደዚያው ነው የተሠራው። ኤክስቴንሽን እንደተጠቀለለ ከባድ ማሽን አይሰካበትም፤ ይግላል፣ ይቀልጣል። ባለቤቱን አንድ ነገር ብቻ ምን ላስገዛው ብትዪኝ 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚያቋርጠውን መከላከያ እልሻለሁ። ኤሌክትሪክ በሰው ገላ በኩል ወደ መሬት ሲፈስ አይቶ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ የሚያጠፋው እሱ ነው። ተራው ብሬከር ይህን አያደርግም። ብሬከሩ የሚጠብቀው ገመዱን ነው፤ ሰውን ለሚገድለው ትንሽ ኃይል አይነሳም።

ድምፅና አቧራ ቀስ ብለው ስለሚጎዱ ማንም አይፈራቸውም። በብዙ ቦታ የሚሠራበት መለኪያ ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል፤ ብረት የሚቆርጥ ግራይንደር ደግሞ እዚያ ይደርሳል። የጠፋ መስማት አይመለስም። ጋሼ ከኋላቸው ሲጠሩ ቶሎ ይሰማሉ? መደገፊያውን ስትገጥሙ ኮንክሪት ወይም ድንጋይ የምትቆርጡ ከሆነ ደግሞ በደረቁ አይሁን። ከውስጡ የሚወጣው ደቃቅ የሲሊካ አቧራ ሳንባ ውስጥ ይቀራል፤ የሚያመጣው የሳንባ በሽታ መድኃኒት የለውም። ለዚህ በውሃ የሚቆርጥ ወይም አቧራውን የሚስብ ማሽን፣ ከዚያም ላይ ትክክለኛ የአቧራ ማስክ ያስፈልጋል። ማስኩ ብቻውን አይበቃም። ተራ የኤሌክትሪክ ግራይንደር ላይ ውሃ ማፍሰስ ግን ሌላ ሞት ነው።

አደጋ ከደረሰ ደግሞ ሦስት ነገር ሁሉም ሰው ይወቅ። ዓይን ውስጥ ብረት ሲገባ አይታሽም፤ ጓደኛም በክብሪት እንጨት ወይም በጨርቅ ጫፍ ላውጣልህ አይበል። የተሰካ ከሆነ ሳይነካ፣ ሳይጫን ተሸፍኖ ወደ ሐኪም ይሄዳል። ደም በብዛት ሲፈስ በንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ ተጭኖ አለመልቀቅ ነው። የተቆረጠ ጣት በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ይጠቀለላል፣ ውሃ በማያስገባ ፌስታል ይታሰራል፣ ፌስታሉ በረዶና ውሃ ላይ ይቀመጣል። ጣቱ በረዶውን በቀጥታ መንካት የለበትም፤ ሥጋው ይሞታል።

አሁን ወደ ጋሼ። በልጆቹ ፊት አትናገሪያቸው። እስካሁን እየተናገርሽ ያለሽው እዚያ ከሆነ የሚስቁት ለዚህ ይሆናል፤ ተማሪያቸው በተማሪዎቻቸው ፊት ስታርማቸው ሌላ ምን ያድርጉ? ሥራ ከመጀመሩ በፊት ወይም ሁሉም ከወጣ በኋላ ብቻቸውን አግኚያቸው። ዲስኩንና ግራይንደሩን ይዘሽ ሂጂ። እንዲህ ልትያቸው ትችያለሽ፦

«ጋሼ፣ ይሄን ሥራ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እንዴት እንደሚቆረጥ ላስተምርዎ አልመጣሁም። እስቲ ይሄን ቁጥር ይዩልኝ። ዲስኩ 8,500 ይላል፣ ማሽኑ 11,000። እርስዎ በብቃትዎ ቢይዙት እንኳ ልጆቹ እርስዎን አይተው ነው የሚያስሩት። የእርስዎ እጅ የላቸውም። አንዱ ቢጎዳብኝ ምን እላለሁ?»

ከዚያ ዝም በዪ። እስኪመልሱ ጠብቂ። ምናልባት «ጋርዱ አይዞርም፣ ብሎኑ ተበልቷል» ይሉሽ ይሆናል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ የተበላሸ ጋርድ ሥራ ያስቸግራል። ይጠገን ወይም ይቀየር። «ማዕዘን ውስጥ አያስገባም» ካሉ ደግሞ ለዚያች ቦታ የእጅ የብረት መጋዝ ወይም ሌላ ማሽን አብራችሁ ፈልጉ፤ ከእሳቸው የተሻለ መላ የሚያመጣ የለም። «ጠልቆ ይቆርጣል» ካሉ ልክ ናቸው፤ ለጥልቅ ሥራ የ180 ወይም የ230 ግራይንደር ከነጋርዱ ይገዛል። ሥራው በእውነት የሚፈልገውን ነገር ከልክለሽ ደንብ ብታወጪ ደንቡ ዞር ስትዪ ይፈርሳል።

ኃላፊነትም ስጪያቸው። በየጠዋቱ የዲስኮቹን ቀን፣ ስንጥቅና መጠን አይተው ለልጆቹ የሚያድሉት እሳቸው ይሁኑ። ይህን ለማባበያ አይደለም የምልሽ። ዲስክ በዓይንና በጣት መርምሮ የሚያውቅ ሰው በቤታችሁ ያለው እሳቸው ስለሆኑ ነው።

ባለቤቱን ደግሞ በሚገባው ቋንቋ አነጋግሪው። ጋርድ ለማሰር የሚሄደው ጊዜ ደቂቃ ነው። አንድ ሰው ሲጎዳ የሚቆመው ሥራ፣ ሕክምናውና ካሣው ስንት እንደሆነ እሱ ራሱ ያስላው። መነጽሩን ልጆቹን ማስገዛቱ ግን ልክ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ቁጥር 155 ስምምነት አንቀጽ 21፣ የደህንነት እርምጃዎች ሠራተኛውን ወጪ እንዳያስወጡ ይላል። አንቀጽ 13 ደግሞ ለሕይወቱ ወይም ለጤናው ከባድና ቅርብ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት ያመነ ሠራተኛ ሥራውን ትቶ ቢወጣ፣ ያላግባብ እንዳይቀጣ ጥበቃ ይገባዋል ይላል። እ.ኤ.አ. በ2022 ድርጅቱ ደህንነቱና ጤንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ጋር ደምሮታል። አገርሽ ዝርዝሩን በሕጓ እንዴት እንዳስቀመጠችው አንብቢና አንቀጹን ይዘሽ ግቢ። ንግግርሽን ከተለመደው ልመና የሚለየው እሱ ነው።

ጋሼ ሁሉንም ሰምተው እምቢ ቢሉስ? ያኔ ልመናው ያበቃል። ኃላፊዋ አንቺ ነሽ፤ አንድ ሰው ቢጎዳ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። የ180ዎቹን ዲስኮች በሙሉ ከመደርደሪያው አንሺና ቆልፊባቸው። የሚገጥማቸው ማሽን ከነጋርዱ እስኪገዛ አይውጡ። ጋርድ የሌለውን ግራይንደር «አይሠራም» የሚል ወረቀት አስረሽበት ወደ ቢሮሽ ውሰጂ። ጋሼን አታባሪያቸው፣ ደመወዛቸውንም አትንኪ። መለካት፣ ማቀድ፣ ልጆቹን ብየዳ ማስተማር፣ የሚሠሩት ሥራ ሞልቷል። ቅር ቢላቸው ቅሬታውን ቻዪው፤ ጊዜ ይፈጅ ይሆናል። ግራይንደሩ ግን ጋርዱ እስኪታሰር ድረስ ለእሳቸውም፣ ለልጆቹም፣ ለአንቺም አይሰካም።